የመሸበት እንግዳ ቤት፦ የውስተሩ ኮማንደሪ ታሪክ

(በቃል ያቀረብኩትን ንግግር ነው ወደ ጽሑፍ የመለስኩት። ዓመተ ምሕረቱም ቀኑም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቤት ነው። ቤተ መንግሥት አይደለም፣ ካቴድራልም አይደለም። በደጁ ብታልፉ አብዛኞቻችሁ ቀና ብላችሁም አታዩትም።

ቤቱ ያለው በምዕራብ እንግሊዝ፣ በሴቨርን ወንዝ ዳር በተቆረቆረችው በውስተር ከተማ ነው። ኮማንደሪ ይባላል። አጥንቱ ወፍራም የባሉጥ እንጨት ነው። አሁን የሚታየው አብዛኛው ክፍል ከተሠራ 500 ዓመት አልፎታል። ከዚያ በፊት በዚያው ቦታ ሌላ ቤት ነበረ፤ እሱም የዚሁ ቤት አባት ነው።

ይህ ቤት ያልሆነው ነገር የለም። የመንገደኛ ማደሪያ ሆኗል። የሀብታም ነጋዴ መኖሪያ ሆኗል። የጦር ማዘዣ ሆኗል። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ ማተሚያ ቤት፣ በመጨረሻም ሙዚየም ሆኗል። እኔን የያዘኝ ግን አንዱ መታጠፊያው ነው። ለማንም ክፍት የነበረ ቤት እንዴት የአንድ ሰው ቤት ሆነ? ቁልፉስ በማን እጅ ገባ?

ከበሩ እንጀምር። ውስተር በግንብ የታጠረች ከተማ ነበረች። የከተማው በሮች ሲመሽ ይዘጋሉ። ዘግይቶ የመጣ ሰው ይቀራል። የሚቀረው ደግሞ ሰፊ ሜዳ ላይ ነው፣ ብርድ አለ፣ ሌባ አለ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ሲድበሪ የሚባል በር ነበር። ኮማንደሪ የተሠራው ከዚያ በር ወጣ ብሎ፣ ከግንቡ ውጭ ነው። ቦታው በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» የሚል ሰው የሚደርሰው እዚያ ነው። እኛ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብለን የምንመልሰውን መልስ እነሱ በእንጨትና በድንጋይ ሠሩት።

መሥራቹ ጳጳሱ ውልፍስታን ነው ይባላል፤ ጊዜውም 1085 አካባቢ። ባህሉ እንዲህ ይላል። በጽሑፍ የተገኘው ማስረጃ ግን የሚጀምረው ከ13ኛው መቶ ዘመን ነው። መካከሉ ላይ ያለውን ክፍተት በአፈ ታሪክ መሙላት ቀላል ነው፤ እኔ አልሞላውም። ውልፍስታን ራሱ ግን በታሪክ የታወቀ ሰው ነው። ከ1062 እስከ 1095 የውስተር ጳጳስ ነበር። ከፈረንሳይ የተሻገሩት ኖርማኖች አገሩን ሲይዙ እንግሊዛውያን ጳጳሳት አንድ በአንድ ተነሡ፤ እሱ ግን ከወንበሩ አልተነቀነቀም። በብሪስቶል ወደብ ሰው እየገዙ ወደ አየርላንድ የሚሸጡትን ነጋዴዎች እዚያው ድረስ እየሄደ ይሰብክባቸው ነበር። በ1203 ቅዱስ ተባለ። ከዚያ በኋላ መቃብሩን የሚሳለም ሰው በየአቅጣጫው ወደ ውስተር ይጎርፍ ጀመር። ንጉሥ ጆን እንኳን በ1216 ሲሞት የተቀበረው እዚያው ካቴድራል ውስጥ ነው። ተሳላሚ በበዛ ቁጥር የሚመሽበትም ይበዛል።

ቤቱ በዘመኑ «የቅዱስ ውልፍስታን ሆስፒታል» ነበር። ሆስፒታል ሲባል መርፌና ነጭ ጋዋን እንዳይመጣባችሁ። የላቲኑ ሥር ቃል እንግዳንም እንግዳ ተቀባይንም ይጠራል፤ ሁለቱን በአንድ ስም። ሆቴልም ከዚያው ሥር ነው የወጣው። ሐኪም ላይኖር ይችላል። የሚኖረው አልጋ፣ እሳት፣ ዳቦና ጸሎት ነው። አልጋውም ብዙ ጊዜ የጋራ ነበር። መንገደኛ አንድ ሌሊት ያድራል። የደከመ ሽማግሌ፣ አቅም ያጣ ካህን፣ ጧሪ የሌላት አሮጊት ደግሞ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቆያሉ። እንዲህ ያሉ ቤቶች በመላው እንግሊዝ በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር። በዊንቸስተር ያለው የቅዱስ መስቀል ሆስፒታል ዛሬም ለሚጠይቅ መንገደኛ ቁራሽ ዳቦና ትንሽ ቢራ ይሰጣል። ከ12ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ለቱሪስት ሲሉ ነው የሚል ይኖራል፤ ይሁን፣ ዳቦው ዳቦ ነው።

ኮማንደሪ የሚለው ስም የመጣው ከአለቃው ነው። የቤቱ ሹም «ኮማንደር» ይባል ነበር። ስሙ ወታደር ወታደር ይሸታል፤ ሥራው ግን አልጋ ማደልና ሒሳብ መያዝ ነበር።

ሒሳቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የነገሩ ቋጠሮ ያለው እሱ ላይ ነው። ጥሩ ግድግዳ ገንዘብ ያለው ሁሉ ያሠራል። ችግሩ በማግስቱ ነው። ዳቦው ከየት ይመጣል? ማገዶውስ? ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይከፍላል? ስለዚህ ሆስፒታል የሚመሠርት ሰው ቤት ብቻ ሠርቶ አይሄድም። መሬት ይሰጣል፣ ወፍጮ ይሰጣል፣ የቤት ኪራይ ይሰጣል። በእኛ ቋንቋ ጉልት ይተክላል። በምትኩ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ አልጋው ላይ የተኛው ድሃ በየቀኑ ስለ ነፍሱ እንዲጸልይለት። ሀብታሙ ዳቦ ይሰጣል፣ ድሃው ጸሎት ይሰጣል። ንግድ ይመስላል አይደል? ነበረም። ግን ሁለቱም ወገን የሚያምንበት ንግድ ነበር። ችግር የመጣው አንደኛው ወገን ማመኑን ሲያቆም ነው።

ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1534 ከሮማው ጳጳስ ጋር ተቆራረጠ። ከ1536 ጀምሮ ገዳማት መዘጋት ጀመሩ። የውስተሩ ሆስፒታል ተራው የደረሰው በ1540 ነበር። ስለ ሙታን ነፍስ መጸለይ ከንቱ ነው ከተባለ፣ ለጸሎቱ የተሰጠው ጉልትም «ባለቤት የለውም» ማለት ቀላል ነው። መንግሥት ደግሞ ባለቤት የሌለው መሬት አይቶ አያውቅም፤ ወዲያው ባለቤት ያገኝለታል። ቦታው መጀመሪያ ለቤተ መንግሥቱ ሰው ለሪቻርድ ሞሪሰን ተሰጠ። ሞሪሰን የተማረ ሰው ነው፤ የንጉሡን አቋም እየደገፈ ይጽፍ ነበር። ብዕር ዋጋ የሚያወጣበት ዘመን ነበር።

ከዚያ በ1540ዎቹ ቶማስ ዋይልድ ገባ። ዋይልድ የጨርቅ ነጋዴ ነው። የውስተርን ጨርቅ ካላወቅን ይህን ሰው አናውቀውም። ከተማዋ የምትኖረው በሱፍ ጨርቅ ነበር። በ1533 የወጣ ሕግ በውስተርሻየር ግዛት ለገበያ የሚሆን ጨርቅ መሥራት የሚፈቀደው በአምስት ከተሞች ብቻ ነው አለ። አንዷ ውስተር ናት። ማለት ውድድሩ በአዋጅ ተቀነሰ። በዚህ ጊዜ የውስተር ጨርቅ ነጋዴ መሆን ዛሬ ብቸኛ አስመጪ እንደመሆን ነው። ገንዘቡ አለ፣ የሚገዛ ነገር ደግሞ ገበያ ላይ ወጥቷል። ሆስፒታሉ ከከተማው በር አጠገብ፣ ግቢው ሰፊ፣ አዳራሹ አዲስ ነው። እሱ ባይገዛው ሌላው ይገዛው ነበር።

ዋይልድን ክፉ ሰው አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ለከተማው ትምህርት ቤት መሬት የተወ ሰው ነው። ስሙ እስከ ዛሬ በዚያ ትምህርት ቤት ይነሣል። አያችሁ ነገሩን? የነዳያን ቤት ገዝቶ ኖረበት፣ ለተማሪዎች ደግሞ ሰጠ። የዘመኑ ሰው ሁለቱን እንደሚጋጩ ነገሮች አላያቸውም። ምጽዋት አልቆመም፣ አድራሻውን ቀየረ። ከመንገደኛው ወደ ተማሪው፣ ከአልጋ ወደ ወንበር።

አንድ የጋራ አዳራሽ ወደ ግል ቤት ሲቀየር መጀመሪያ የሚመጣው እሳት ነው። የጋራ ቤት አንድ ትልቅ እሳት ይበቃዋል፤ ሁሉም ዙሪያውን ይሰበሰባል። የግል ቤት ግን በየክፍሉ ምድጃ ይፈልጋል፣ ምድጃ ደግሞ የጭስ ማውጫ ይፈልጋል። ቀጥሎ ደረጃ ይመጣል፣ ፎቅና ምድር ይለያያል። ከዚያ የግድግዳ ልባጥ፣ ከዚያ መጋረጃ። በመጨረሻ ቁልፍ። በኮማንደሪ የዋይልድ ቤተሰብ ያሠራው የእንጨት ደረጃ አሁንም አለ። ያማረ ነው፣ አይካድም። ግን ደረጃ ማለት «አንተ እታች ቆይ» ማለትም ነው።

በዚህ ጉዳይ የምወደው ሌላ ቤት አለ፣ ትንሽ ልውጣና ልመለስ። በደቡብ እንግሊዝ ቺቸስተር የምትባል ከተማ ውስጥ የቅድስት ማርያም ሆስፒታል አለ። ጎተራ የሚያክል አዳራሽ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን አዳራሹን ሳያፈርሱ በውስጡ ግራና ቀኝ ትንንሽ ቤቶች ሠሩ። ለያንዳንዱ ሽማግሌና አሮጊት አንዳንድ በር፣ አንዳንድ ምድጃ። የጭስ ማውጫዎቹ ትልቁን ጣሪያ በስተው ወጥተዋል። ዛሬም አዛውንቶች ይኖሩበታል። የግል በር ማግኘት የባለጠጋ ብቻ መብት መሆን እንደሌለበት የገባው አንድ ሰው እዚያ ነበረ ማለት ነው። የተገላቢጦሹም አለ። የለንደኑ ቻርተርሃውስ መጀመሪያ ገዳም ነበር፣ ተወርሶ የመኳንንት መኖሪያ ሆነ። በ1611 ቶማስ ሰተን የሚባል በድንጋይ ከሰልና በአበዳሪነት የከበረ ሰው በ13,000 ፓውንድ ገዝቶ የድሃ አዛውንት መጦሪያና ትምህርት ቤት አደረገው። ስለዚህ መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ አይደለም። ወደ ኋላ የሚመለስ ግን ጥቂት ነው።

ወደ ውስተር እንመለስ። የዋይልድ ቤተሰብ ወደ 200 ዓመት ገደማ በቤቱ ኖረ። መካከሉ ላይ ጦርነት መጣ። በ1651 ወጣቱ ቻርልስ 2ኛ የስኮትላንድ ጦር ይዞ ውስተር ገባ። ንጉሥ አንፈልግም ያለው የፓርላማው ጦር አዛዥ ክሮምዌል ተከተለው። የንጉሡ ጦር አዛዦች ኮማንደሪን ማዘዣ አደረጉት። ከቤቱ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ፎርት ሮያል የሚባል ምሽግ ተሠራ። መስከረም 3 ቀን ውጊያው ሆነ። ምሽጉ ተሰበረ፣ መድፎቹ ዞረው ከተማውን ይመቱ ጀመር። የሸሸው ወታደር ሁሉ በሲድበሪ በር ለመግባት ተጋፋ። የድሮዎቹ መንገደኞች ቆመው ያንኳኩበት ያው በር ነው።

የሃሚልተን መስፍን ዊልያም በዚያ ቀን እግሩን በጥይት ተመታ። ወደ ኮማንደሪ አመጡት። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ መስከረም 12፣ እዚያው ሞተ። ወንድሙ ከሁለት ዓመት በፊት አንገቱን ተቀልቷል፤ እሱ ደግሞ በቁስል። በውስተር ካቴድራል ተቀበረ። ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገርመኛል። ቤቱ ሆስፒታልነቱ ከቀረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም አንድ ከሩቅ የመጣ፣ አገሩ ያልሆነ ቁስለኛ በሩ ሲደርስ አስተኝቶ ተቀበለው፣ እስኪሞትም አስታመመው። መስፍን ስለሆነ ነው በሉ፤ ልክ ናችሁ። ያም ሆኖ ቤቱ ለዘጠኝ ቀን የድሮ ሥራውን ሠራ።

በ1786 ጸደይ ሁለት አሜሪካውያን ያንን ኮረብታ ለማየት መጡ። ጆን አዳምስና ቶማስ ጄፈርሰን ናቸው፤ ሁለቱም በኋላ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። አዳምስ የሰፈሩ ሰው ስለ ውጊያው ምንም ደንታ እንደሌለው አይቶ ተቆጣ። ይህ የተቀደሰ መሬት ነው፣ እንግሊዝ ሁሉ በየዓመቱ መጥቶ ሊሳለመው ይገባል አላቸው። ተሳላሚ ሲያስተናግድ ከኖረ ቤት ጀርባ ቆሞ ነው ይህን ያለው። እሱ ያንን ያውቅ እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ቶሎ ልለፈው። የዋይልድ ዘመን አለቀ። ቤቱ ተከፋፍሎ የብዙ ሰው ሆነ። በ1815 የተጠናቀቀው የውስተርና የበርሚንግሃም የጀልባ ቦይ በጎኑ አለፈ፤ ጸጥታው ጠፋ። በ1866 ለዓይነ ስውራን ወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተና እዚህ ገባ። ደግ ነገር ነው። ስሙን ስትሰሙ ግን ፈገግ ትላላችሁ፤ «ለጨዋ ልጆች» ተብሎ ተለይቷል። የድሃ ዓይነ ስውር አይመለከተውም ማለት ነው። ቤቱ ወደ በጎ ሥራ ተመለሰ፣ በሩ ግን እንደ ድሮው አልተከፈተም። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ማተሚያ ቤት ሆነ። በ1970ዎቹ የከተማው ምክር ቤት ገዝቶ ሙዚየም አደረገው።

እስካሁን ያላወራሁት አንድ ክፍል ቀርቷል። ሆን ብዬ ነው ያቆየሁት።

ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ግድግዳዋም ጣሪያዋም ሥዕል ነው። የተሣለችው በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ቤቱ ገና ሆስፒታል ሳለ ነው። ጣሪያው ላይ ሥላሴ አሉ። በግድግዳው ላይ ቅዱስ ኤራስመስ አንጀቱ በመዘውር ሲጠቀለል ይታያል፤ የሆድ ሕመምተኛ የሚማጸነው ቅዱስ ነው። የካንተርበሪው ጳጳስ ቶማስ ቤኬት ሲገደል አለ። ቅዱስ ሚካኤልም ነፍስ በሚዛን ሲመዝን አለ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሥዕሎች እመቤታችን ብዙ ጊዜ ሚዛኑን በእጇ ወይም በመቁጠሪያዋ ስትጫነው ትታያለች። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በላዔ ሰብእን የሚያውቅ፣ ጥርኝ ውሃውን የሚያስታውስ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ባሕር ማዶ ሆነውም ያው ሚዛን፣ ያው ተስፋ ነው።

ንጉሥ ሄንሪ በ1538 የቤኬት ምስል ሁሉ ከየቦታው እንዲጠፋ አዘዘ። ጳጳስ ሆኖ ንጉሥን የተቋቋመ ሰው ለሄንሪ ጥሩ ምሳሌ አልነበረም። የኮማንደሪ ሥዕሎች ግን አልተፋቁም። ኖራ ተቀባባቸው። ማን እንደቀባቸው ስም የለም። ምናልባት ፈሪ ነው፣ ምናልባት ሰነፍ ነው፣ ምናልባትም ጊዜ ያልፋል ብሎ የደበቀ ሰው ነው። ለእኔ ሦስተኛው ደስ ይለኛል፤ ማስረጃ ግን የለኝም። ቤተሰቡ ለሁለት መቶ ዓመት ከነጭ ግድግዳ ጀርባ ሚካኤልን አስቀምጦ በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። ኖራው የተነሣው በ1935 ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው «የግል ቤት ባይሆን ኖሮ ይሻል ነበር ወይ?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። በንግግሩ መካከል ተጠይቄያለሁም። መልሴ በዚያው ከተማ ያለ ሌላ ቤት ነው። ከውስተር በስተሰሜን የቅዱስ ኦስዋልድ ሆስፒታል አለ፤ እሱም ከግንቡ ውጭ፣ እሱም የድሃ ቤት ነበር። እሱም መሬቱን ተቀማ። ግን በ1660ዎቹ ጆን ፌል የሚባል ካህን ተከራክሮ ንብረቱን አስመለሰለት፣ ቤቱንም እንደገና አቆመ። ዛሬም አዛውንቶች ይኖሩበታል። ልታዩት ብትሄዱ ግን የምታገኙት የ19ኛው መቶ ዘመን ግንብ ነው። የመካከለኛው ዘመን አንድ ጣውላ የለበትም። ኦስዋልድ ጉልቱን አገኘ፣ ግድግዳው ጠፋ። ውልፍስታን ግድግዳው ተረፈ፣ ጉልቱ ጠፋ። ቱሪስቱ ወደ ኮማንደሪ ይሄዳል። ጧሪ ያጣ አዛውንት ደግሞ ወደ ኦስዋልድ። እኔን ምረጥ ብትሉኝ ኦስዋልድን እመርጣለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ለንግግር የመረጥኩት ኮማንደሪን ነው።

ያቺን ባለ ሥዕል ክፍል የምታዩበት ዕድል ካጋጠማችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሥላሴ የተሣሉት ጣሪያው ላይ ነው። ጎብኚው አንገቱን ወደ ኋላ ይቆለምማል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያመዋል፣ ይወጣል። ክፍሏ የታመሙት የሚተኙባት ነበረች ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ያ ሥዕል በጀርባው ለተኛ ሰው ልክ ነው። አንገት አያሳምምም። ዛሬ ክፍሏ ውስጥ አልጋ የለም።